መሀል ላይ ያለው ነጭ

ጥቅምት ውስጥ ነው። አንድ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ምስል ላክሁ። ከሥሩ «ያዝኩት!» ብዬ ጻፍኩ። አራት ፊደልና አንድ ቃለ አጋኖ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይቺን ቃል ግን አልረሳኋትም። እስካሁን ትከነክነኛለች።

ምስሉ ያምራል። የሁለት ፕሮቲኖች ቅርጽ ነው። ትልቁ የስንዴ ነው፣ ትንሹ ስንዴን የሚያጠቃው ፈንገስ፣ የዋግ። ትንሹ በትልቁ ጎድጓዳ ላይ እንደ ድስት ክዳን ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱም ከሞላ ጎደል ሰማያዊ ናቸው። ቅርጹን የተነበየው አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ በእሱ ቀለም ሰማያዊ ማለት «እርግጠኛ ነኝ» ማለት ነው። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

ግሩፑ ወዲያው ሞቀ። እሳቱ፣ ጭብጨባው፣ «አንበሳ!»፣ «ጽሑፉ መቼ ይወጣል?»። አማካሪዬ ብቻ ዝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ አንዲት መስመር ጻፉልኝ። «አይፒቲኤሙ ስንት ነው?»

እውነቱን ልናገር? አላየሁትም ነበር።

ስለ ዋግ ትንሽ

የምኖረው ኮተቤ ካራ ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። ከእኛ ሰፈር ወጥቶ በለገጣፎ በኩል የሚሄደው መንገድ ሰንዳፋ ያደርሳል። እዚያ አጎቴ ስንዴ ያርሳል። በዚህ ወር ልጠይቀው ስሄድ ሁልጊዜ የማገኘው ማሳው ዳር ቆሞ ቅጠል ሲገለብጥ ነው። ቅጠሉን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ጣቱ ላይ ቢጫ ዱቄት የቀረ እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። ቢጫ ዋግ ነው።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ዱቄት ነው። ዋግ ወደ ስንዴው ሕዋስ ውስጥ የራሱን ፕሮቲኖች ይልካል፤ ስንዴው እንዳይከላከል ያደነዝዙታል። ስንዴውም ዘበኞች አሉት። ዘበኛው የሌባውን መልክ ካወቀው ያቺን አንዷን ሕዋስ ይገድላታል፤ ዋጉም አብሮ በረሃብ ይሞታል። ሌባው መልኩን የቀየረ ቀን ግን ዘበኛው አጠገቡ ቆሞ አያየውም። የእኛ ገበሬዎች ይህን በኪሳራ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲፈጀው፣ ይቋቋመዋል የተባለው ሌላ ዝርያ፣ ዲጋሉ፣ ተሰራጨ። ሦስት ዓመት አልፎ የግንድ ዋግ በአዲስ መልክ መጣና ዲጋሉን በባሌና በአርሲ ማሳዎች ላይ በላው።

ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የትኛው ዘበኛ የትኛውን ሌባ ያውቃል? ኤስአር 35 የሚባለው የስንዴ ዘረመል ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እሱ የሚያውቀው የዋግ ፕሮቲን በ2017 ተገኘ። ሁለቱ ተያይዘው ምን እንደሚመስሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ደግሞ በ2022 ነው። ዘበኞቹ አምስት ሆነው ቀለበት ሠርተው ነው የተገኙት። አስቡት፣ ለአንድ ጥንድ ዘጠኝ ዓመት። እኔ ደግሞ ሌላ ጥንድ ይዤ ሁለቱ ፕሮቲኖች የተጻፉበትን የፊደል ሰንሰለት ገልብጬ ለጠፍኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ መልሱ ደርሶ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

ዚፑ ውስጥ ያለው

የአልፋፎልድ ሰርቨር ውጤት በዚፕ ፋይል ነው የሚወርደው። ሲፈታ ከደርዘን በላይ ፋይል ይወጣዋል። አምስቱ ከ0 እስከ 4 ቁጥር የተሰጣቸው የቅርጽ ፋይሎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ አቶም ቦታ የተጻፈባቸው። ለአምስቱም አምስት አጫጭር የማጠቃለያ ጄሶን ፋይል አለ። ሌላ አምስት ደግሞ ረጃጅም፣ በቁጥር የታጨቁ፣ ሲከፍቷቸው ላፕቶፕ የሚያስጨንቁ። ሌላው የላክኸው ጥያቄ ቅጂና የአጠቃቀም ደንቡ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የከፈትኩት አንዱን ብቻ ነው። ቁጥር 0ን። የመጀመሪያው ስለሆነ ምርጡ እሱ ነው ብዬ።

ምርጡስ እሱ ነው፣ ልክ ነበርኩ። አምስቱ በነጥብ ተደርድረው ነው የሚመጡት። ግን ከአምስት ተማሪ አንደኛ ወጣ ማለት ፈተናውን አለፈ ማለት አይደለም። ከመቶ 30 አምጥቶ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ አውቃለሁ። ሌሎቹ 20 ስላመጡ ነው።

ሰማያዊውን ያመጣው ፒኤልዲዲቲ የሚባለው ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ከ90 በላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከ70 እስከ 90 ውሃ ሰማያዊ፣ ከ50 እስከ 70 ቢጫ፣ ከ50 በታች ብርቱካናማ። የእኔ የስንዴ ፕሮቲን አማካዩ 88 ነበር፣ የዋጉ 91። ብርቱካናማ የሆነው የዋጉ ጅራት ብቻ ነው፤ እንደተፈታ ክር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። (እንዲህ ያለውን ክር «ሞዴሉ ተሳስቷል» ብለው የሚጥሉት አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ያ ክፍል በእውነትም ቋሚ ቅርጽ የሌለው ነው።)

ይህ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ አንድ ጊዜ አሳስቶኛል። በቤተ ሙከራ በተሠሩ የቅርጽ ፋይሎች ውስጥ ቢ ፋክተር የሚባል ዓምድ አለ። እዚያ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያ አቶም ይወዛወዛል፣ ቦታው አያስተማምንም ማለት ነው። አልፋፎልድ ያንኑ ዓምድ ወስዶ ፒኤልዲዲቲን ይጽፍበታል፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ትርጉሙ ተገልብጧል፣ ዓምዱ ያው ነው። በተለመደው ቀለም አሥዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ጥሩውን መጥፎ ስል ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም።

አማካሪዬ የጠየቁኝ ቁጥር ከፒኤልዲዲቲ የተለየ ነው። አይፒቲኤም ሁለቱ ፕሮቲኖች እርስ በርስ የተቀመጡበት ሁኔታ ምን ያህል እንደሚታመን ነው የሚናገረው። ከ0.8 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ0.6 በታች ከሆነ ትንበያው ሳይከሽፍ አልቀረም። መሀሉ ግራጫ ነው። ቁጥሩ እኮ የተደበቀም አይደለም፤ ገጹ ላይ ከምስሉ ከፍ ብሎ ተጽፏል። ዓይኔ ዘሎታል። ሄጄ አየሁት።

0.23።

አልመለስኩላቸውም። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩ፤ «ቆይ፣ ፒኤልዲዲቲው እኮ 91 ነው። 91 በአየር ላይ አይገኝም። የሆነ ነገር ቢኖር ነው።» ሰው የሚፈልገውን ቁጥር ካገኘ በኋላ ሌላ ቁጥር ማየት እንዴት እንደሚከብደው ያን ጠዋት አየሁ።

ጋሼ

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሄደ። ክፍሌ ጨለማ ስለሆነች ላፕቶፑን ይዤ ግቢ ወጣሁ። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። አከራዬ ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ። ዛሬም ሰፈር ውስጥ የአጥር ጭቅጭቅ ሲነሳ ሜትር ይዘው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ካራ ደግሞ የአጥር ጭቅጭቅ ሞልቷታል።

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቡናዬን ስቀበል ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ።

«ይሄ ደግሞ የማን ግቢ ነው?»

ምስሉን ያሉ መስሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ይሄ የስንዴ ፕሮቲን ነው፣ ይሄ የዋግ ነው፣ እንዲህ ተያይዘው...

«አይ፣ እሱን አይደለም፤ እሱስ ጌጥ ነው። ይሄኛውን።»

ጣታቸው ከምስሉ ጎን ባለው ሳጥን ላይ አረፈ። ሁልጊዜ እዚያው ገጽ ላይ አለ። እኔ ከምስሉ ቀጥሎ የሚመጣ ማስዋቢያ አድርጌ ነው የማልፈው። ትልቅ አራት ማዕዘን ነው። ከላይኛው ግራ ጥግ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሁለት ጥቁር አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተያይዘው ይወርዳሉ። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ትንሽ። የቀረው ቦታ የገረጣ ነው፤ ነጭ ለማለት ምንም አይቀረው።

«ሁለት ግቢ ነው» አሉ ጋሼ። «አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። መሀል ላይ ያለው ነጭ ምንድነው?»

«ስህተት ነው» አልኩ። አባባሉ ራሴን ስላስደነገጠኝ አስተካከልኩ። «ማለቴ፣ ሳጥኑ በሙሉ የስህተት ልክ ነው። አረንጓዴው ስህተቱ ትንሽ የሆነበት ነው። ነጩ የበዛበት።»

«ስህተቱን ማን ለካው?»

«ራሱ ሞዴሉ ነው የገመተው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀያሹ ራሱ እዚህ ጋ ልሳሳት እችላለሁ ብሎ ሥሎ ሰጠህ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቀያሽ አላየሁም።» እትዬ ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «እስቲ እንዴት እንደሚነበብ አሳየኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተያዘው። ሳጥኑ ፒኤኢ ይባላል፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ትርጉሙንም አንብቤያለሁ። ለሰው አስረድቼ ግን አላውቅም። ጀመርኩ። «አንዱን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ከፕሮቲኑ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት፣ ይመርጣሉ። ትንበያውንና እውነተኛውን ቅርጽ እዚያ ላይ ያገጣጥማሉ። ከዚያ ሌላኛው አሚኖ አሲድ ከእውነተኛ ቦታው በስንት እንደሚርቅ...»

«ገባኝ» አሉ። «አንዱ ችካል ላይ ቆመህ ሌላውን ችካል ትለካለህ። ስንት እንደምትስት ነው የሚነግርህ።»

ዝም አልኩ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከዛሬ አላነበብኩም።

«እንግዲያው» አሉ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ፣ «ሰፊው ግቢ ውስጥ ቆመህ የሰፊውን ግቢ ጥግ ስትለካ ልክ ነህ። አረንጓዴ ነው። ጠባቡ ውስጥ ቆመህ የጠባቡን ስትለካም ልክ ነህ። ሰፊው ውስጥ ቆመህ ወደ ጠባቡ ስትለካ...» ጣታቸው ነጩ ላይ ደረሰ። «ስንት ነው ይሄ?»

ማውዙን አስጠጋሁ። «25 አንግስትሮም ገደማ።»

«ጠባቡ ግቢ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው?»

«45 ቢሆን ነው።»

«ታዲያ እኮ የግቢውን ግማሽ ስተሃል። አጥሩ የት ጋ እንደሆነ አታውቅም ማለት ነው። ይሄ ሰውዬ ጎረቤት ይሁን አይሁን በምን አወቅህ?»

ሌላም ነገር አዩ። ነጩ ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ ከላይም ከታችም፤ ሁለቱ ደግሞ በትክክል አንድ ዓይነት አይደሉም። «ከዚህ ቆሞ ያንን ማየትና ከዚያ ቆሞ ይሄንን ማየት አንድ አይደለም» አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። እኔ ይህን በጽሑፍ ሳነብ ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ታሪክ አወሩ። ድሮ የአገራችን ካርታዎች የሚሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። ጂፒኤስ ሲመጣ ደግሞ የራሱን መነሻ ይዞ መጣ፣ ደብሊውጂኤስ 84ን። የሁለቱ ልዩነት እዚህ እኛ ዘንድ ከ200 ሜትር ይበልጣል። አንድ ወጣት ቀያሽ ከድሮው ካርታ የወሰደውን ነጥብና በጂፒኤስ የለካውን ነጥብ አንድ ወረቀት ላይ አሰፈረ። ቤቱ ወንዝ ማዶ ወጣ። ልጁ ሁለቱንም ደግሞ ለካ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

«ሁለቱም ለየብቻ እውነት ናቸው» አሉ ጋሼ። «አንድ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ነው ውሸት የሚሆኑት።»

«ቁጥሩስ አላስጠረጠረውም?» አልኩ።

«በምን ይጠረጥራል? ማሽን ቁጥር አይሰስትም። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ አራት አምስት ሜትር እየሳተ አሃዙን እስከ መጨረሻ ደርድሮ ይሰጥሃል። ሰው አሃዝ ሲበዛ ያምናል።»

የቅርጽ ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። የእያንዳንዱ አቶም ቦታ ከነጥብ በኋላ በሦስት አሃዝ ተጽፏል፤ የአንድ አንግስትሮም አንድ ሺህኛ ድረስ። አንግስትሮም ራሱ የሜትር 10 ቢሊዮንኛ ነው። ያ አየር ላይ የተንጠለጠለው ብርቱካናማ ጅራት እንኳ፣ ሞዴሉ ራሱ ከመቶ 35 የሰጠው፣ በዚያው ሦስት አሃዝ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ቡናዬ ቀዝቅዟል። እትዬ ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

ምን ጠይቄ ምን አነበብኩ

ያን ቀን የታየኝን እዚህም ጮክ ብዬ ላስበው። እኔ የጠየቅሁት «እነዚህ ሁለቱ ይያያዛሉ ወይ?» ብዬ ነው። ያነበብኩት ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር፤ «እያንዳንዱ ለብቻው ምን ይመስላል?» የሚለውን። መልሱ ትክክል ነው። 91 እውነተኛ 91 ነው። ፒኤልዲዲቲ የሚያየው አንድ ነጥብ በቅርብ ካሉት ጋር ልክ መቀመጡን ነው። ማዶ ስላለው ግቢ ምንም አላለም። እኔ ነኝ ያስባልኩት።

ሌላም አለ። ሁለት ሰንሰለት ሰጥተኸው «አስቀምጥልኝ» ካልከው ሁለተኛውን የሆነ ቦታ ያስቀምጠዋል። ባዶ ወረቀት አይመልስም። የማያውቀውንም ቢሆን ይሥላል፤ አለማወቁን ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። እኔ የሥዕሉን ፋይል ከፍቼ የአለማወቁን ፋይል ዘጋሁት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይሄ ነው። ልዩነቱ የእኔን ላም ወተት እንደሌላት የሚናገር ወረቀት አብሮ መምጣቱ ነው።

ማታ መብራት መጣ። መጀመሪያ ያደረግሁት ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቅርጾች መክፈት ነው። ትንሹን ፕሮቲን በመጀመሪያው ጎድጓዳው ላይ አየሁት። በሁለተኛው ጀርባው ላይ። በሦስተኛው እግሩ ሥር። በአራተኛው ተገልብጦ። አምስት ምስክር ጠርቼ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቼ ፈርጄ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጅራቱን ቆርጬ እንደገና ላክሁት። ቅርጽ አልባ ክፍል ሲኖር አይፒቲኤምን ያለ ጥፋቱ ወደ ታች ሊጎትተው ስለሚችል ነው። 0.31 ሆነ። ከወደቀ ተማሪ ወደ ሌላ የወደቀ ተማሪ።

የእንቁላሉ ነገር

ጋሼ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ምክር ጣል አድርገው ነበር። «መሣሪያ ሲያጠራጥርህ መጀመሪያ በምታውቀው ነጥብ ላይ ሞክረው።» ለቀያሽ ተራ ነገር ነው። እኔም ቤተ ሙከራ ውስጥ ስሆን ያለ ማነጻጸሪያ አንድ ቱቦ እንኳ አላስቀምጥም። ኮምፒውተር ላይ ስሆን ግን፣ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ይጠፋብኛል።

በመጀመሪያ በእርግጠኝነት የሚያያዙ ሁለት ሰጠሁት፤ የሰውን ሄሞግሎቢን ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች። አይፒቲኤሙ 0.9ን አለፈ፣ ሳጥኑም ጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ሆነ። መሀል ላይ ነጭ የለም። አጥር የሌለው አንድ ግቢ።

ቀጥሎ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት መፈለግ ነበረብኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የእራት እንቁላል ነበር። የዶሮ እንቁላል ነጩ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ፤ 129 አሚኖ አሲድ። ከኢንዛይሞች ሁሉ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ቅርጹ በኤክስሬይ የታወቀው እሱ ነው። ከስንዴ ዘበኛ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ስንዴና እንቁላል እኔ እስከማውቀው የሚገናኙት ኬክ ውስጥ ነው።

ውጤቱን ስከፍት መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋብኝ። ላይሶዛይሙ ያንኑ ጎድጓዳ መርጦ ተቀምጧል። ሁለቱም ሰማያዊ። ከዋጉ ፕሮቲን እንዲያውም የተሻለ የገጠመ ይመስላል። አይፒቲኤሙ 0.19፣ ሳጥኑ ሁለት አረንጓዴ ግቢና መሀሉ ነጭ። ይህንን ምስል ከትናንቱ አጠገብ አድርጌ ለአንድ ሰው ባሳየው የትኛው የዋግ እንደሆነ መለየት አይችልም። እኔም ስሙ ባይጻፍበት አልለየውም።

ጎድጓዳ ያለው ነገር ሁሉ ክዳን ያገኛል ማለት ነው፣ ፈላጊው እኔ ከሆንኩ።

የአጎቴ ስልክ

ይህ ሁሉ በእኔና በላፕቶፔ መካከል ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እሁድ ጠዋት አጎቴ ደወለ። ግሩፑ ውስጥ ያለች የአክስቴ ልጅ ነግራው ኖሯል።

«ዋጉን ያዝከው አሉኝ!» አለ። ድምፁ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ደስ ብሎታል።

«ኧረ ገና ነው፣ አጎቴ...»

«አይ፣ ስለዚህ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። መድኃኒቱ ዘንድሮ ዋጋው አይቀመስም። እና ልተወው እንዴ?»

ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ቆምኩ። ልተወው እንዴ። እሱ ስለ ቅርጽ ምን አገባው? ሰማያዊ አላየ፣ 91 አላየ። የደረሰው የእኔ አንድ ቃል ነው። በሦስት ሰው አፍ ዞሮ ማሳው ዳር ሲደርስ «ዘንድሮ ሳትረጭ ብትቀር ይቻላል» ሆኗል። እኔ ኮምፒውተር ላይ የዘለልኳት 0.23 አጎቴ ጋ ስትደርስ የአንድ ዓመት ስንዴ ልትሆን ነበር።

«እርጭ፣ አጎቴ» አልኩት። «ዛሬውኑ እርጭ። ስለ ዋጉ ያወቅሁት ምንም ነገር የለም።»

ትንሽ ዝም አለ። «እና ምን ያዝኩት ትላለህ ታዲያ?» አለና ሳቀ። በደግነት ነው የሳቀው። እሱ ነው የባሰኝ።

ለግሩፑ

ማስተካከያውን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ተሳስቻለሁ» ማለቱ አልከበደኝም፤ ምን ላይ እንደተሳሳትኩ በልኩ መናገሩ ነው የከበደኝ። መጀመሪያ «ሁለቱ ፕሮቲኖች አይያያዙም» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ጋሼ ትዝ አሉኝ። ይሄም ሌላ «ያዝኩት» ነው። ነጩ ቦታ «ጎረቤት አይደሉም» አይልም። «ከዚህ ቆሜ አይታየኝም» ነው የሚለው። በእውነት የሚያያዙ ጥንዶች ዝቅተኛ ቁጥር ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ሰረዝኩት።

በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ፤ «አርብ የላክሁት ምስል ላይ የእያንዳንዱ ፕሮቲን ቅርጽ ይታመናል። ሁለቱ የተቀመጡበት ቦታ ግን አይታመንም፤ አይፒቲኤሙ 0.23 ነው፣ አምስቱ ሞዴሎችም አይስማሙም። የእንቁላል ላይሶዛይምም እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ይያያዛሉ ወይስ አይያያዙም የሚለውን ከዚህ ፋይል ማወቅ አይቻልም። ቅጠል ላይ መሞከር አለበት።» ቅጠል ያልኩት ኒኮቲያና ቤንታሚያና የምትባለውን የትምባሆ ዘመድ ነው። ሁለቱን ዘረመሎች ቅጠሏ ውስጥ አስገብቶ ያ ቦታ ይሞት እንደሆነ ጥቂት ቀን መጠበቅ ነው። ዘበኛው ሌባውን ካወቀው ቅጠሉ ላይ የደረቀ ጠባሳ ይወጣል።

ከሥሩ ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አያያዝኩ፣ የዋጉንና የእንቁላሉን። ምስሎቹን አላያያዝኩም።

አማካሪዬ አውራ ጣት ላኩ። ከዚያ «የላይሶዛይሙን ነገር ለሚቀጥለው ሴሚናር አዘጋጀው» አሉኝ። ሌላ ሰው ምንም አላለም። እሳቱም ጭብጨባውም አልመጣም። የአክስቴ ልጅ ብቻ ማታ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

«ምስሉ ግን ያምራል።»

እውነቷን ነው። እስካሁን አልሰረዝኩትም።